«ለበጎ ነው» አትበሉኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ፣ ሦስቱም የሀዘን ናቸው። ፈልጌ የሰበሰብኳቸው አይደሉም፣ በተከታታይ የደረሱኝ ናቸው። የመጀመሪያውን ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገርም ከሁሉም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ወረቀቴ ስላላለቀ ሀገር ቤት መመለስ አልችልም። እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች። ባለፈው ዓመት እሁድ እሁድ ስደውል ‹ተኝታለች›፣ ‹ቤተክርስቲያን ሄዳለች›፣ ‹ኔትወርክ እያስቸገረ ነው› ይሉኝ ጀመር፣ እኔም የነርሲንግ ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር ብዙም አልጠረጠርኩም፣ ወይም መጠርጠር አልፈለኩም መሰለኝ። ፈተናውን በጨረስኩ በሳምንቱ ሌሊት 11 ሰዓት በሬ ተንኳኳ፣ ስከፍት ጓደኞቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአንድ ቄስ ጋር ቆመዋል። ማንም ምንም ሳይል ገባኝ። ለካ እናቴ ካረፈች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። አርባዋ ወጥቷል! አርባዋ የወጣ ቀን ምን ስሰራ እንደነበር ስልኬ ላይ ፈልጌ አየሁ፣ ከክላስ ልጆች ጋር ፒዛ እየበላን ፎቶ ተነስተናል፣ እየሳቅኩ።

ከዛ ወዲህ መጸለይ አልቻልኩም። ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ቆሜ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ ‹ለበጎ ነው›፣ ‹እግዜር የሚወደውን ይወስዳል›፣ ‹አንቺ እኮ መንፈሳዊ ነሽ፣ መንፈሳዊ ሰው እንዲህ አያዝንም› ይለኛል። አንዷማ ‹በዚህ ሀዘን እግዚአብሔር ምን ሊያስተምርሽ እንደፈለገ ጠይቂው› አለችኝ፣ ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። የማለቅሰው መኪና ስነዳ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ሳላስበው እንዲህ እላለሁ፦

የነገርሽኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ፣
እኔ ሳልደርስልሽ አርባሽ ተቆጠረ።

ሌላ ጸሎት ከአፌ አይወጣም። እናቴ በየወሩ በ21 የማርያም ዝክር ነበራት፣ ድፎ ትደፋለች፣ ጎረቤቱም የቆሎ ተማሪውም ይበላል፣ አሁን ያንን የሚያስቀጥል አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ‹ቆሟል› አሉኝ፣ ያን ቀን ደግሞ እንደ አዲስ ሞተችብኝ። ወንድሞቼን ማናገር አቁሜያለሁ። መርዶውን ከሰማሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ከእንደዚህ አይነት ሀዘን ውስጥ ትርጉም ይገኛል? ወይስ እምነቴም አብሮ ሞቷል?»
ሀዘንተኛዋ፣ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። የሩቅ መርዶ ከባድ ነው፣ የተደበቀ መርዶ ደግሞ ከሱም ይከፋል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እምነትሽ አልሞተም። መኪና ውስጥ የምትዪው ሁለት መስመር ጸሎት አይደለም ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ አይደል፣ እኔ ግን እሱን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ዳዊትሽን አውጪና መዝሙር 87ን አንብቢ፣ (በሌላው አቆጣጠር 88 ነው)። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሮሮ ነው፣ «ለምን ፊትህን ትሰውርብኛለህ» እያለ ይሞግታል፣ አብዛኞቹ የእሮሮ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፣ ይሄ ግን አይመለስም፣ ያለ አንዳች መጽናኛ ያልቃል። እና ይሄን መዝሙር ከመጽሐፉ ያወጣው የለም፣ አባቶቻችን ከሌሎቹ እኩል በዜማ ሲደግሙት ኖረዋል። ስለዚህ አርባዋ አመለጠኝ ብለሽ መኪና ውስጥ ስትጮሂ ከጸሎት ወጣሁ አትበይ፣ እኛ ቤት ሙሾ የምንለው ነገር ከዳዊት በጣም የራቀ አይመስለኝም፣ ምንም እንኳ ደረት መድቃቱንና ፊት መንጨቱን ቤተክርስቲያን ብትከለክልም።

«መንፈሳዊ ሰው አያዝንም» የሚሉሽን በተመለከተ፣ ዮሐንስ 11ን እስቲ ያንብቡት። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው ነው የመጣው፣ ከደቂቃዎች በኋላ ከመቃብር እንደሚወጣ እሱ ራሱ ያውቃል፣ ግን ማርያም ስታለቅስ ሲያይ አለቀሰ። ማርታንም ማርያምንም «ለበጎ ነው» አላላቸውም፣ ሁለቱም «አንተ እዚህ ብትኖር ወንድማችን ባልሞተ» ብለው ሲወቅሱት እንኳ አልተቆጣቸውም። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አትዘኑ አይደለም ያላቸው፣ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው ያለው፣ ሰው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዞ ሀዘንተኛ ቤት ይገባል።

አሁን ወደ ትርጉሙ። እዚህ ላይ ያቺ ጓደኛሽ የምትከፋብኝ ከሆነ ትከፋ፣ እናትሽ የሞተችው አንቺን ለማስተማር አይደለም። እናትሽ የሞተችው ታማ ነው። እግዚአብሔር ለአንዲት ልጅ ትምህርት ሊሰጥ ብሎ እናቷን ይገድላል ብዬ አላምንም፣ እንደዛ የሚያስብ ሰው ስለ እግዚአብሔር ምን እያለ እንደሆነ ቆም ብሎ ቢያስብ ጥሩ ነው። «ለምን ሞተች» የሚለውን ጥያቄ ጠይቂ፣ አትጠይቂ አልልሽም፣ ግን ትርጉሙን እዛ ውስጥ አትጠብቂው። እኔ ባየሁት፣ ሰው ከሀዘን በኋላ ትርጉም አገኘሁ ሲል የሞቱን ምክንያት አግኝቶ አይደለም፣ ሟቹ በሕይወት እያለ ሲሰራው ከነበረው አንዱን ነገር አንስቶ መስራት ሲጀምር ነው። አንቺ ደግሞ እሱን በደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽልኛል፣ አላየሽውም እንጂ። የ21 ዝክር ቆሟል አሉሽ፣ ማን ነው የሚቀጥለው?

አውቃለሁ፣ «እትዬ እኔ ሺፍት ነው የምሰራው፣ የቆሎ ተማሪ ከየት አመጣለሁ» ትያለሽ። ድግስ አይደለም ያልኩሽ። ጠላውም ጠጁም ይቅር፣ (በነገራችን ላይ ለተዝካር ብለው ተበድረው የሚደግሱ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ቀን የምመለስበት ነው፣ አሁን አልገባበትም)። አንድ ድፎ ጋግሪ፣ ኮባ እንኳ ባይኖር የእስያና የላቲኖ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ የሙዝ ቅጠል ይሸጣል፣ እዛ ያሉ ሴቶች በሱ ነው የሚደፉት። ለጎረቤትሽ ስጪ፣ ለሌሊት ተረኛ ነርሶች ውሰጂ፣ ምን እንደሆነ ሲጠይቁሽ «የእናቴ ነው» በያቸው። መጀመሪያ ወር ላይ ምንም ስሜት ላይሰጥሽ ይችላል፣ ምናልባት ሊጡን እያቦካሽ ታለቅሺ ይሆናል። ይሁን፣ ሁለተኛውንም ወር ጋግሪ።

አርባው ስላለፈሽ ነገር ደግሞ። በእኛ ልማድ መርዶ ዘግይቶ የሰማ ሰው ለቅሶ የሚቀመጠው ከሰማበት ቀን ጀምሮ ነው፣ «ቀኑ አልፏል» ተብሎ የሚቀር የለም። ሠልስት ጌታ በሦስተኛው ቀን መነሳቱን ይዞ ነው የሚታሰበው። አርባና ሰማንያን ሳስብ ደግሞ ሁሌም ክርስትና ነው ትዝ የሚለኝ፣ ወንድ ልጅ በአርባ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፣ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባ ቀን ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ ይላል። ስለዚህ እነዚህ ቀኖች ለእኔ መግቢያ ናቸው፣ ሰው ሲወለድም ሲሞትም የሚቆጠሩ። መግቢያው ላይ አልደረስኩም ብለሽ እናትሽ ውጪ የቀረች እንዳይመስልሽ፣ ፍትሐቱ ተደርሷል፣ ቅዳሴው ውስጥ ደግሞ ላንቀላፉት የሚጸለይ ጸሎት ሁሌም አለ፣ ቀን አያልፍበትም። የእናትሽን የክርስትና ስም ለንስሐ አባትሽ ስጪያቸው፣ እዛው ቨርጂኒያ ስሟ ይጠራ።

ደግሞ ሒሳቡን ስሰራው ሙት ዓመቷ ሁለት ወር ገደማ ነው የቀረው። እሱን ቀን አንቺ ያዢው። ደብረ ብርሃንና ቨርጂኒያ በወቅቱ ሰባት ወይ ስምንት ሰዓት ይለያያሉ፣ እዛ ቅዳሴ ሲወጣ አንቺ ጋ ገና ሌሊት ነው፣ ቪዲዮ ኮል ይክፈቱልሽና ከነሱ ጋር አብረሽ ቁሚ፣ ሲነጋ ደግሞ ያንቺን ቅዳሴ ሂጂ። በዛ ሌሊት በርሽን ያንኳኩትን ጓደኞችሽን ጥሪያቸው።

ለዚህ ግን ወንድሞችሽን ማናገር ይኖርብሻል።

መርዶ መደበቅን እኔ እቃወማለሁ፣ ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው። «ፈተና ላይ ናት»፣ «እርጉዝ ናት»፣ «ብቻዋን ናት፣ ማን ይይዛታል» እየተባለ ሰው የራሱን እናት ለቅሶ ይነጠቃል፣ ይሄ ልማድ ዘመድ ሁሉ አንድ አገር በሚኖርበት ጊዜ የሁለት ቀን ጉዳይ ነበር፣ መርዶ ነጋሪ እስኪደርስ ነው፣ ዛሬ ግን ወራት ሆኗል። ስለዚህ መናደድሽ ልክ ነው። ግን ደግሞ እነሱ በየእሁዱ ምን እያደረጉ እንደነበር አስቢው፣ ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ፣ ድንኳኑ ተተክሎ እያለ፣ ከሰው መሀል ወጥተው ጉሮሮአቸውን ጠርገው «ደህና ናት» ይሉሻል። እሱም ሳያስለቅሳቸው የቀረ አይመስለኝም። ደውዪና መናደድሽን ንገሪያቸው፣ ዋጥ አድርገሽ «ይቅር ብያችኋለሁ» አትበይ፣ ያ ይቅርታ አይቆይም። ከተናገርሽ በኋላ ግን ጠይቂያቸው። እንዴት ታመመች፣ ማን አጠገቧ ነበረ፣ ምን አለች፣ ማን ገነዛት፣ የትኛው ቤተክርስቲያን አረፈች፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ማን ማን መጣ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «እንዴት ሆነች?» ይላል፣ ቤተሰቡም ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ያወራል፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ድሮ አድካሚ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ሳየው ሰው ሞቱን የሚያምነው እንደዛ እያወራ ነው። አንቺ ያንን አላገኘሽም፣ ታሪኩን ሳትሰሚ ሞቱን ብቻ ነው የሰማሽው፣ ስለዚህ ከስምንት ወር በኋላም ትናንት የሆነ ቢመስልሽ አይገርምም።

ነርስ ልትሆኚ ስለሆነ ይሄንንም ልጨምርልሽ። «አምስቱ የሀዘን ደረጃዎች» የሚባሉት፣ መካድ፣ ቁጣ፣ ምናምን እያለ የሚሄደው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣ መጽሐፍ ነው የታወቁት፣ መጽሐፉ ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈው ራሳቸው ሊሞቱ ስላሉ ታማሚዎች ነው እንጂ ሰው ስለሞተባቸው አይደለም። ስለዚህ «አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ነኝ» እያልሽ ራስሽን አትፈትኚ። በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካን ሀገር ያሉ የስነልቦና ሰዎች ከትልቅ ጉዳት በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ የሚታይ ዕድገት አለ ብለው ማጥናት ጀመሩ፣ ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ይጠልቃል፣ መንፈሳዊ ሕይወቱ ይለወጣል፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር ይቀየራል። ደስ ይላል፣ ግን እነሱም ራሳቸው ዕድገቱ ሕመሙን አያጠፋውም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ሁሉም ሰው ላይም አይታይም ነው የሚሉት። «ካላደግሽ ሀዘንሽ ባከነ» የሚል ሕግ የለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ሀዘን ከስድስት ወር በላይ ሰውን ከሕይወቱ ካስወጣው እንደ ሕመም ይቆጥረዋል፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ደግሞ በ2022 ባወጡት መመሪያ ለአዋቂ አንድ ዓመት ነው ያሉት። ማልቀስሽ አይደለም ምልክቱ። መብላት፣ መተኛት፣ ሥራ መሄድ ካቃተሽ፣ ቀኑ ሁሉ አንድ ሐሳብ ላይ ከተቸነከረ ሐኪም ወይ ቴራፒስት አናግሪ፣ «እኔም ብሞት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አሁኑኑ 988 ደውዪ፣ እዛ አገር ለዚሁ የተዘጋጀ ቁጥር ነው። ይሄ እምነት ማነስ አይደለም፣ ጠበሉም ሐኪሙም አይጣሉም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከደሴ ነው፣ ከአንድ አባት።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ከሞተች አምስት ወር አለፋት፣ ወደ አርባ ዓመት ገደማ አብረን ኖረናል። ቀን ቀን ደህና ነኝ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ግን ቤቱ አይገፋም፣ በዛ ሰዓት ነበር ቡና የምታፈላው፣ ሰፈሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኛ ቤት ነበር። ረከቦቱን ከሞተች ወዲህ የነካው የለም። አንዳንዴ እንባ ይቀድመኛል። ሰፈር ያሉ ልጆች ‹አባባ ሶብር ያድርጉ፣ ማልቀስ ሟችን ያስቀጣል› ይሉኛል። ልጆቼ አዲስ አበባ ና ይሉኛል። ኢማኔ ነው የደከመው? ደግሞስ ሰው በዚህ እድሜው ከሀዘን ምን ይማራል?»

ወዓለይኩም ሰላም አባቴ። አላህ ይዘንላቸው፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው፣ እርስዎንም ያጽናዎት። እኔ የሌላ እምነት ሰው ስለሆንኩ ከራሴ አልፈተፍትም፣ የማከብራቸውን አንድ ኡስታዝ ጠይቄ ነው የምጽፍልዎ።

ኡስታዙ መጀመሪያ ያነሱልኝ የነቢዩን ልጅ የኢብራሂምን ሞት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው የሞተው። ነቢዩ ሕፃኑን ይዘው ሲያለቅሱ ባልደረባቸው ተገርሞ «እርስዎም?» ቢላቸው እንባው እዝነት እንደሆነ ነግረውት፣ ዓይን ያነባል፣ ልብም ያዝናል፣ ጌታችንን የሚያስደስት እንጂ ሌላ አንናገርም አሉ። የተከለከለው ዋይታው፣ ልብስ መቅደዱ፣ ፊት መምታቱ ነው እንጂ እንባ አይደለም። ልጆቹ የሚጠቅሱት «ሟች በቤተሰቡ ለቅሶ ይቀጣል» የሚለው ደግሞ ያኔውኑ ያነጋገረ ነው፣ የነቢዩ ባለቤት እናታችን አዒሻ «ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም» የሚለውን የቁርኣን ቃል ይዘው ተከራክረውበታል፣ ዑለማዎቹም ከዋይታው ጋር ነው የሚያያይዙት ብለውኛል። ስለዚህ ሶብር ማለት እንባ ማድረቅ አይደለም፣ እርስዎ በአላህ ላይ ያጉረመረሙበት ቦታ ደብዳቤዎ ውስጥ የለም፣ እኔ ፈልጌ አጣሁ።

ሌላው ደግሞ የነቢዩ የመጀመሪያ ባለቤት የከዲጃ ነገር ነው። እሳቸውና የነቢዩ አጎት አቡ ጧሊብ ከሂጅራ (ነቢዩ ወደ መዲና ከመሰደዳቸው) በፊት ሁለቱም በዚያው በአንዱ ዓመት ነው የሞቱት፣ ዓመቱም የሀዘን ዓመት እየተባለ ነው የሚጠራው። ነቢዩ ከዛ በኋላ ስንት ነገር አሳልፈዋል፣ ተሰደዋል፣ መዲና ገብተዋል፣ ሌላ ትዳርም ይዘዋል፣ ግን በግ በታረደ ቁጥር ለከዲጃ ጓደኞች ሥጋ ይልኩ ነበር። አዒሻ እስኪቀኑ ድረስ! ይሄን ስሰማ እውነት ለመናገር የእርስዎ ደብዳቤ ነው ትዝ ያለኝ፣ የሟቿን ጓደኞች አለመርሳት የሚባል ነገር አለና።

የባለቤትዎ ወዳጆች እነዛ አስር ሰዓት ላይ ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች አይደሉም? ሰዎቹ እኮ የጠፉት እርስዎን እንዳያስቸግሩ ብለው ይሆናል፣ ቤቱ ሀዘን ላይ ነው ብለው፣ እነሱም በዛ ሰዓት መሄጃ አጥተዋል። ከሳምንት አንድ ቀን ረከቦቱን ያውጡት። አንዷን ጎረቤት ያስጠሯትና ታፍላ፣ ወይ እርስዎ ራስዎ ያፍሉት፣ ማን ይስቅብዎታል፣ ቢስቁስ ምን አለበት፣ ቤቱ ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው። አቦሉን ቶናውን ጠጥተው በረካው ላይ ዱዓ ያድርጉላቸው፣ ክርስቲያኖቹም በራሳቸው አሜን ይላሉ፣ ወሎ ውስጥ ይሄን እኔ ላስተምርዎ አልችልም። ኡስታዙም ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከሦስት ነገር በስተቀር፣ ቀጣይ ሶደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ የሚለውን ሐዲስ አስታውሰውኛል። በስማቸው አቅምዎ የፈቀደውን ሶደቃ ያስቡ፣ ልጆችዎንም ያስገቡበት።

አዲስ አበባ መሄዱን አሁን አይወስኑ። በሀዘን ዓመት ቤት መሸጥና ከተማ መቀየር ጥሩ አይደለም ባይ ነኝ፣ ሄደው አንድ ወር ተቀምጠው ይምጡ፣ የልጅ ልጅም ይዩ፣ ቁልፉን ግን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። በዚህ እድሜ ምን ይማራል ላሉት፣ ምናልባት ቡና ማፍላት።

የመጨረሻው አጭር ነው፣ ከአዲስ አበባ።

«የቅርብ ጓደኛዬና ሚስቱ ዘጠኝ ወር ጠብቀው ልጃቸው ሞቶ ተወለደ። ለቅሶ አልተደረገም፣ ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ ሰው ሁሉ ‹ገና ወጣት ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ› ብሎ አለፈ። እኔ ምን እንደምለው አላውቅም፣ ስለዚህ እስካሁን አልሄድኩም። ሁለት ሳምንት ሆነው። ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ ምንም አትበለው፣ ግን ዛሬውኑ ሂድ።

ኢዮብ ላይ ያ ሁሉ ሲወርድበት ሦስት ጓደኞቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እስከዛ ድረስ ጎበዞች ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፣ «ይሄ የደረሰብህ በምክንያት ነው» እያሉ ሲያብራሩለት፣ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ነው፣ «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» አላቸው። ልብ በል፣ ኢዮብ ያንን ሁሉ ሲያማርርና ሲሞግት የነበረው ሰውዬ ነው።

ስለዚህ «ትወልዳላችሁ» አትበል፣ ያ ልጅ በሌላ አይተካም። «ቢያንስ ሳትለምዱት ሄደ» የሚል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ፣ እናቱ ዘጠኝ ወር ተሸክማዋለች፣ ለምዳዋለች። ስም አውጥተውለት እንደሆነ ጠይቅ፣ ካወጡለት በስሙ ጥራው፣ የሞተ ልጃቸውን በስሙ የሚጠራላቸው ሰው ብዙ አያገኙም። ሚስቱን ብቻ አጽናንተህ እሱን «አይዞህ፣ አንተ ጠንክር፣ እሷን ያዛት» ብለህ እንዳትመለስ፣ የሱም ልጅ ነው። ጡቷ ወተት ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ባይኖርም ሰውነቷ አያውቅም፣ ቤት ውስጥ ምግብ የሚሰራ ሰው ካስፈለገ እህትህን ወይ እናትህን ይዘህ ሂድ፣ ገንፎም ይሁን አጥሚት የወላድ ነገር አብሳችሁ ስጧት፣ ወልዳለች እኮ። ድንኳን ባይተከልም ንፍሮ መቀቀል ማንም አይከለክልህም።

የጸሎቱን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር እነሱ ራሳቸው ይነጋገሩበት፣ አንተ መምህር አትሁን። «እግዚአብሔር ለምን» ካለህ «እኔም አላውቅም» በለው፣ ካለቀሰ አልቅስ፣ ኳስ ማየት ከፈለገ ደግሞ ኳስ እዩ። ሁለት ሳምንት ዘገየሁ ብለህ አትፈር፣ በደህናው ለቅሶ እንኳ ድንኳኑ ሲነሳ ነው ሰው የሚጠፋው፣ አንተ ሌላው ሲጠፋ ነው የምትደርሰው። ከዛ በወሩም ደውል፣ ልጁ ይወለዳል የተባለበት ቀን በየዓመቱ ሲመጣም ደውል፣ ስልኩን ካላነሳ ሜሴጅ ጻፍለትና በማግስቱ እንደገና ሞክር።

በሚቀጥለው እትም ያስቀመጥኩትን የተዝካር ብድር ጉዳይ አነሳለሁ፣ በዛ ላይ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ እድር ውስጥ ያላችሁ ጻፉልኝ።